ለእባብ ለቅሶ የደረሰችው ሴት

እትዬ ዘነበች ማረፏን ልጇ ሣራ ደውላ ስትነግረኝ የበረዶ አካፋ በእጄ ይዤ የሕንፃው መግቢያ ላይ ነበርኩ። «ናቲ፣ እማዬ ወደ ጌታ ሄደች» አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ደረጃውን ወጥቼ፣ እኔ ዘንድ በነበረው ቁልፍ ቤቷን ከፍቼ በቀጥታ ወደ መስታወቱ ሣጥን ሄድኩ። የማሞቂያው አምፖል በርቷል። በሞቃቱ በኩል ያለው ቴርሞሜትር ሠላሳ አንድ ይላል። የውሃው ሳህን ሙሉ ነው። እባቧ ከግንዱ ሥር ተጠምጥማ ተኝታለች። ይህን ሁሉ አይቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩት።

እትዬ ዘነበች ብታየኝ ቅደም ተከተሉን ትወደው ነበር። «የሞተ አይቸኩልም» ትል ነበር፤ «መጀመሪያ በሕይወት ያለውን እይ።»

ስልሳ ዓመት ያለፋት የወንጌል አማኝ፣ ያውም የቤት ጸሎት ኅብረት መሪ፣ ኦስሎ ውስጥ በምትኖርባት ጠባብ ቤት ከሰው ቁመት የሚረዝም እባብ ለምን ታኖራለች? ይህን የጠየቀኝ ሰው ብዙ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ለቅሶ ደርሳ ነው። አጭሩን መልስ የሚያምነኝ ስለሌለ ግን ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

እኔ ላምበርትሴተር በሚባለው ሰፈር ካሉት የቆዩ ሕንፃዎች በአንዱ ቫክትሜስተር፣ የሕንፃ ጠባቂና ጠጋኝ ነኝ፤ የምኖረውም እዚያው ታችኛው ፎቅ ነው። የሚያፈስ ቧንቧ፣ የተቃጠለ አምፖል፣ አልዘጋ ያለ በር፣ የክረምቱ በረዶ፣ ሁሉም የኔ ሥራ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ እየገጠምኩ ለመድኩት። አማርኛ መጻፍም እንደዚያው ነው። እዚህ አገር የመጣሁት በልጅነቴ ስለሆነ ፊደሉን ከጎረመስኩ በኋላ ብቻዬን ቆጠርኩ። እትዬ ዘነበች ሁለተኛ ፎቅ ትኖር ነበር። በኮሙኑ፣ በከተማው አስተዳደር፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ ውስጥ ነበር የምትሠራው፤ በየአረጋውያኑ ቤት እየዞረች ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ መድኃኒት ታስውጣለች። ለረጅም ጊዜ ደረጃ ላይ ሰላም ከመባባል በቀር አንተዋወቅም ነበር።

አባቴ አዳማ ላይ ሲሞት ወሬው የደረሰኝ በሥራ ሰዓት ነው። ለማንም አልነገርኩም። የደረጃውን አምፖል ለመቀየር መሰላል ላይ ወጥቼ ሳለ እትዬ ዘነበች ከሥራ ስትመለስ አየችኝና ቆመች።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«አምፖሉን ይዘኸው ቀረህ እኮ። ማን ሞተብህ?»

ነገርኳት። ዞር ብላ ቤቷ ገባች። ደህና፣ ደክሟታል ብዬ ወደ ምድር ቤቱ የዕቃ ክፍሌ ወረድኩ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ በአንድ እጇ የሻይ ፔርሙዝ በሌላው ዘቢብ ያለበት ዳቦ በፌስታል ይዛ ገባች። የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጠችና «የአባትህ ስም ማነው?» አለችኝ።

«ደምሴ።»

ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። አይታው የማታውቀውን ሰው በስሙ እየጠራች፣ «ጋሼ ደምሴ፣ ልጅህን በሰው አገር ትተኸው» እያለች በመጋዞቹና በመዶሻዎቹ መካከል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። ልብስ ልታጥብ የወረደች ኖርዌጂያዊት ጎረቤት ደንግጣ ብቅ አለች። «አምቡላንስ ልጥራ?» አለች። እትዬ ዘነበች እንባዋን ሳትጠርግ «ናይ ናይ፣ አይ አያስፈልግም፣ ሁሉም ደህና ነው» አለቻትና ካቆመችበት ቀጠለች። ያን ጊዜ ነው እኔም ያለቀስኩት።

ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ «ለቅሶ ያልተደረሰው ሰው ሐዘኑን እንደ እርጥብ ካልሲ ለብሶት ይዞራል» አለችኝ። በበረዶ ለሚሠራ ሰው ይህን የመሰለ ንግግር የለም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ባይመጡ...» ስል አቋረጠችኝ። «አንቱታህን ለመጋቢው አስቀምጥለት። እኔ እትዬ ዘነበች ነኝ፤ አንቺ በለኝ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ አልኳት፤ የጻፍኩትን ሁሉ የምታነብልኝና ስሕተቴን የምታርምልኝም እሷ ሆነች።

አንድ ልማድ ነበራት። የየትኛውንም ቤት ደወል ከመደወሏ በፊት ሁለት እጆቿን ብብቷ ሥር ከታ ትቆማለች። መጀመሪያ በርዷት መስሎኝ ነበር። ስጠይቃት «ቀዝቃዛ እጅ ስድብ ነው» አለች። «ሽማግሌው ከአልጋው ሊነሣ እየተንቀጠቀጠ በበረዶ እጅ ብትነካው፣ ምን ጥሩ ነገር ብትሠራለት ያንን ነው የሚያስታውሰው።»

ከምትንከባከባቸው ሰዎች አንዱ አርቪድ የሚባል ጡረታ የወጣ የትራም ሹፌር ነበር። ቤቱ ውስጥ ቦኣ ከሚባለው የእባብ ዘር አንዲት ትልቅ ነበረችው፤ ቢዮርግ ይላታል። ይህ አገር እንዲህ ያለ እንስሳ ማኖር ከመፍቀዱ በፊት ጀምሮ በድብቅ ያሳደጋት ናት ይባላል። እትዬ ዘነበች መጀመሪያ ቀን ገብታ ስታያት ቦርሳዋን ጥላ ነው ደረጃ ላይ የተገኘችው። በማግስቱ ስትመጣ አርቪድ በመራመጃው እየተጎተተ የመስታወቱን ሣጥን በአበባማ አንሶላ ሸፍኖት አገኘችው። ከዚያ በኋላ ዓመታት ሙሉ ደወሉን ስትደውል ከውስጥ «ዘነበች፣ ግቢ፣ ለብሳለች!» ይላታል። ለብሳለች ካለ ትገባለች። ስለ እባቧ አንድም ቀን አላወሩም፤ ስለ ትራም፣ ስለ ትውልድ ከተማዋ ስለ ሆሳዕና ዝናብ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ነበር ወሬያቸው።

አርቪድ አንድ ቅዳሜ በእንቅልፉ አረፈ። እትዬ ዘነበች ሥራዋን ጨርሳ፣ ቤቷ ገብታ ጥቁር ለብሳ፣ ፔርሙዟን ይዛ ለቅሶ ልትደርስ ሄደች። በሩን የከፈተላት ከሌላ ከተማ የመጣ የእህቱ ልጅ ነው፤ ጆሮው ላይ ስልክ አለ፣ ዕቃ ስለሚያነሡ ሰዎች ይነጋገራል። «አጎትህን እግዚአብሔር ያሳርፍልህ» አለችው በኖርዌጂያንኛዋ። ሰውየው አፍሮ «እውነቱን ለመናገር ብዙም አላውቀውም ነበር» አላት። ሌላ ዘመድ ጠየቀች፤ የለም። ጎረቤት ጠየቀች፤ ተቀይሯል። ፔርሙዙን እንደያዘች መሀል ቤት ቆመች።

ይህን ታሪክ ደጋግማ ነግራኛለች፤ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይቀንሳል። «ናቲ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ለማንም የማጽናኛ ቃል ሳይናገሩ መውጣት የለም። ዞር ዞር ብል የቤት ሰው የለም። አንሶላው ብቻ ነው ያለው። ከሞተ ጀምሮ ማንም አላነሣላትም።» አንሶላውን በገዛ እጇ ገለጠችው። እባቧ መስታወቱ አጠገብ ነበረች። እትዬ ዘነበች ዓይኗን ጨፍና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለቻት። ከዚያ ዓይኗን ከፈተችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

የእህቱ ልጅ ስልኩን ዘግቶ ሲመጣ «አትጨነቂ፣ ሐሙስ የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ያስተኛታል። የሚወስዳት ሰው አጥቻለሁ» አላት።

«ያስተኛታል ማለት?»

ምን ማለት እንደሆነ ነገራት።

ያኔ ነው የደወለችልኝ። «ናቲ፣ የዕቃ ጋሪህን ይዘህ ና።» ስደርስ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሣጥኑን እንደ ዘበኛ ትጠብቃለች።

«እትዬ፣ እባብ እኮ ነው» አልኳት።

«አየሁት።»

«ትፈሪያለሽ እኮ።»

«እፈራለሁ። ግን ለቅሶ ደርሼ ሲያበቃ ሐዘንተኛዋን ሲገድሏት ዝም ብዬ ሻይ ልጠጣ?»

ከበሽተኛ ስጦታ መቀበል ለሠራተኞቹ ክልክል ነው፤ ስለዚህ በማግስቱ አለቃዋን ጠየቀች። አለቃዋ ብዙ ከሳቀች በኋላ ማንም የማይፈልገው ነገር ስጦታ አይባልም አለቻት። ቢዮርግ ላምበርትሴተር ገባች፤ አንሶላዋም አብሯት መጣ።

መጀመሪያ የመጣው ጣጣ ምግብ ነው። እንዲህ ያለ እባብ የሚበላው ከሱቅ በረዶ ሆኖ የሚገዛ አይጥ ነው፤ ይሟሟል፣ ይሞቃል፣ በረጅም መቆንጠጫ ይቀርባል። ቢዮርግ አልበላ አለች። አንድ ቀን አምፖሏን ለማየት ስገባ እትዬ ዘነበች በአንድ እጇ ዓይኗን ሸፍና፣ በሌላው መቆንጠጫውን ዘርግታ ትለምናለች። «ቢዮርግ፣ በሞቴ። በሞቴ አንዴ ብቻ። አፈር ስሆን።»

«እትዬ፣ እሷ አማርኛ...»

«ዝም በል፣ እያዘነች ነው።»

እኔ ደግሞ ያነበብኩትን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቤት የቀየረ ቦኣ ለሳምንታት ምግብ እንደማይነካ፣ ምክንያቱ የሙቀቱ፣ የሽታውና የንዝረቱ መለዋወጥ እንደሆነ፣ ሐዘን የሚባል ነገር በእባብ እንዳልታየ አንድ በአንድ አስረዳኋት። መቆንጠጫውን አስቀምጣ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ጨረስክ?»

«አዎ።»

«ሰውየው ሞተ። ቤቷን ለቀቀች። እህል አልቀምስ አለች። አንተ ይህን መጽሐፉ በሚለው ስም ጥራው፤ እኔ በማውቀው እጠራዋለሁ። እስክትበላ ድረስ ግን ሁለታችንም እንጠብቃታለን።»

ጠበቅናት። የበላች ቀን ደረጃ ላይ ወጥታ «በላች! ሃሌሉያ፣ በላች!» ስትል ሕንፃው ሁሉ ሰማ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግን እንደኔ ቀላል አልሆነም። የቤት ጸሎት ኅብረቱ በየተራ በአባላቱ ቤት ይሰበሰባል። የእትዬ ዘነበች ተራ ሲደርስ ወንድም ጥላሁን የሚባለው ሽማግሌ፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፣ በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«እህት ዘነበች፣ ከኤደን ያስወጣን ማን ሆነና ነው?»

«የኤደኑ ይናገር ነበር፣ ወንድም ጥላሁን። ይቺ ዝም ነው የምትለው። ዝምታዋን ለአንዳንዶቻችን ባካፈለችን!»

«ቀልድ አይደለም።»

«ቀልድ አይደለም። አንተ ግን እንግዳዬ ነህ፣ አላስፈራህም።» ይህን ብላ የአርቪድን አንሶላ አመጣችና ሣጥኑን ሸፈነችው። «ግባ፣ ለብሳለች።»

ገባ፤ ነገር ግን ጫማውን ሳያወልቅ በሩ አጠገብ ባለች ወንበር ተቀመጠ። እዚህ አገር ማንም ሰው ቤት ጫማውን ሳያወልቅ አይገባም፤ እኛም ለምደነዋል። ወንድም ጥላሁን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ቤት በመጣ ቁጥር ጫማውን አስሮ፣ ለመሮጥ ተዘጋጅቶ ነው የሚጸልየው። አንድ ምሽት ረጅም ጸሎት ላይ ሳሉ አንሶላው በራሱ ንቅንቅ አለ። ሣራ ያን ቀን ከምትኖርበት ከስዊድን፣ ከጎተንበርግ መጥታ ነበርና አሁንም ስታወራው ትስቃለች፤ ለአገርና ለመንግሥታት ገና ሊጸለይ የነበረው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ «በኢየሱስ ስም አሜን» ሆኖ አለቀ። እትዬ ዘነበች ግን በማንም አልሳቀችም። «መፍራት መብቱ ነው። እኔንም አርቪድ ስንት ዓመት ነው የሸፈነልኝ» ትል ነበር።

ከዚያ መንግሥት ትልልቅ እባቦችን ቤት ውስጥ ማኖርንና መነገድን ሊገድብ ማሰቡ ተሰማ። ገና ሐሳብ ነው፤ ሰው አስተያየቱን እንዲሰጥ ተብሏል። ያነበብኩት እንዲህ የሚል ነበር። ትልልቆቹን መግዛትም፣ መሸጥም፣ ለሌላ ሰው ማስተላለፍም ይቀራል፤ አሁን በእጁ ያለው ሰው ግን እንስሳዋ እስክትሞት ማኖር ይችላል። ተርጉሜ አነበብኩላት። መሀል ላይ አስቆመችኝ።

«እኔ ብቀድምስ?»

«አይልም።»

«አይልም?»

«ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ከቀረ... ያው ሐኪሙ መምጣቱ ነው።»

የእባብ አርቢዎቹ ማኅበር ስለዚሁ ነገር ሊወያይ ግሩነርሎካ በሚባለው ሰፈር ስብሰባ መጥራቱን ስነግራት «እንሄዳለን» አለች።

አንድ ካፌ ጀርባ ያለ አዳራሽ ነበር። ሁሉም ወጣቶች ናቸው ማለት ይቻላል፤ እትዬ ዘነበች የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ ፊት ተቀመጠች። ስብሰባውን የምትመራው ሊቭ የምትባል ረጋ ያለች ሴት ናት። ተናጋሪው ሁሉ ሐሳቡን ተቃወመ። አብዛኛው ያሉት ነገር እውነት ነበር፤ በጥንቃቄ የሚይዝ ሰው በግዴለሹ ምክንያት መቀጣት የለበትም፣ ክልከላ እንስሳውን ወደ ድብቅ ቤት ይመልሰዋል አሉ። እትዬ ዘነበች እጇን አወጣች።

«ዘነበች እባላለሁ። አንዲት ትልቅ ቦኣ አለችኝ። እኔ ሐሳቡን እደግፋለሁ።»

ወንበሮች ተንቋቁ። እጅጌዋን ጎተትኳት፤ አልሰማችኝም። አንገቱ ላይ እባብ የተነቀሰ ማርኩስ የሚባል ልጅ፣ እያራባ የሚሸጥ ነው፣ «ደጋፊ ከሆንሽ ለምን ገዛሽ?» አላት።

«አልገዛሁም። ሰው ሞቶ ልጠይቅ ሄጄ ነው።»

ይህን ማንም አልገባውም፤ እሷም ለማስረዳት አልቆመችም። «ሥራዬ ሰው ሲያረጅና ሲሞት ቤቱ መግባት ነው። ውሻ ከነበረው ጎረቤት ይወስዳል። ድመት ከነበረችው የልጅ ልጅ ይወስዳል። ይህችን የሚወስድ አልተገኘም። የሃያ ዓመት ዕድሜ ቅዳሜ ከሰዓት ገብተህ ትገዛለህ፤ ሻጩም በፌስታል ይዘህ እንድትሄድ ይተውሃል።»

«እኔ እንስሶቼን እንደ ልጆቼ ነው የምይዛቸው» አለ ማርኩስ። ተናዶ ነበር።

«አምንሃለሁ፣ ልጄ። ካንተ በኋላስ የት ይሄዳሉ?»

እሷ ልታሸንፈው አልመጣችምና መልሱን ሳትጠብቅ ፊቷን ወደ ሁሉም አዞረች። «እሺ፣ የኔ ጥያቄ ይህ ነው። ክልከላው ሳይደርስ በስሙ አድርጎ፣ እኔ የሌለሁ ቀን ቢዮርግን የሚወስድ ሰው እጁን ያውጣ።»

ያ ሁሉ እባብ የሚወድ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ አንድ እጅ አልወጣም። ሊቭ በሐቀኝነት «ትንንሾቹን ሁሉም ይፈልጋል። ያደጉትን፣ ያረጁትን ግን ቦታ የለንም። እኔም የለኝም፤ አዝናለሁ» አለች። እትዬ ዘነበች አመስግና ተቀመጠች። ስንወጣ ማርኩስ ተከትሎን መጣና መሬት መሬቱን እያየ «መውሰድ አልችልም፤ አሮጌ ቆዳዋን ማውለቅ ካስቸገራት ግን ደውሉልኝ፣ እመጣለሁ» አለ። ቃሉንም ጠብቋል።

ስንመለስ ቴባነ በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እትዬ ዘነበች መስኮቱን ታያለች። እኔ ተናጋሪ አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ከአፌ ወጣ። «እኔ እወስዳታለሁ።»

ዞር ብላ አላየችኝም። «ተው።»

«የምሬን ነው።»

«ገና ሚስት ታገባለህ። የምትመጣዋ ልጅ ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ከቢዮርግ ጋር ትተዋወቅ?»

«ትተዋወቅ።»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቆመች። «አሁን እሺ አትበለኝ፣ ናቲ። ሰው ሲያዝንልህ የሚለው እሺ አለ፤ ደክሞት የሚለው እሺ አለ። ቤትህ ግባ። ተኛ። ሲነጋ ስለ እሷ አስብ። ስለ እኔ አታስብ። የዕድሜዋን ርዝመት አስብ፣ የት እንደምታስቀምጣት አስብ። የሚታመነው እሺ የጠዋት እሺ ነው።»

አሰብኩ። የሣጥኑን ስፋትና የመኝታ ቤቴን ግድግዳ ለካሁ። የመብራት መስመሩን አየሁ። ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት በሯን አንኳኳሁ።

«ምነው በጠዋት?»

«እሺ» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። እጆቿን ብብቷ ሥር ከተተች፤ እንደ ልማዷ ቆየች። ከዚያ በሞቀ እጇ ሁለት ጉንጮቼን ያዘች። «እንግዲህ አሁን ልንገርህ» አለች። ሐኪሞቹ ያገኙባትን በሽታ ነገረችኝ። ከስብሰባው አስቀድማ ታውቅ ነበር። ከሣራ በቀር ለማንም አልተናገረችም።

«ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ተቆጥቼ ነበር።

«ብነግርህ እሺ የምትለው ለእኔ ነበራ። ለሚሞት ሰው እሺ የማይል አለ? እኔ የፈለግሁት እሺታህ የእሷ እንዲሆን ነው። እኔ ስሄድ አብሮኝ እንዳይሄድ።»

ከማንም ሰው ከሰማሁት ነገር ሁሉ ይህን ያህል ያስተማረኝ የለም። አንድ ሰው ሊሞት ሲል እንኳ የሌላውን ፈቃድ በእንባ ላለመግዛት ሊጠነቀቅ እንደሚችል ያየሁት ያን ጠዋት ነው። ክልከላው ገና ስላልወጣ ቢዮርግ በዚያው ሰሞን የኔ ሆነች፤ አብራት ግን እስከ መጨረሻው ኖረች። እትዬ ዘነበች ሆስፒታል ከገባች በኋላ ልጠይቃት ስሄድ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ሙቀቱ ስንት ነው?» ነበር። ስነግራት ራሷን ትነቀንቃለች፤ ከዚያ ነው ስለ ራሷ የምናወራው።

ለቅሶው እቤቷ ነበር። ሣራ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ኅብረቱ መጣ፤ የሥራ ጓደኞቿ አበባ ይዘው መጡ፤ ማርኩስም ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ ሁለት እናቶች አንገቱን አይተው ወንበር ቀየሩ። ሣጥኑ በአበባማው አንሶላ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ነበር። ወንድም ጥላሁን መጨረሻ ላይ ደረሰ። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ክሩን ሲፈታ አየሁት። ጫማውን አውልቆ በካልሲው ገባ።

ሣራን አቅፎ አለቀሰ። ጸለየ። ከዚያ እኔ ዘንድ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንተ ነህ የምትወስዳት አሉ» አለኝ።

«አዎ። ታች፣ እኔ ቤት።»

«ብቻህን ነው የምትሸከማት?»

«አይቻልም። ሁለት ሰው ይፈልጋል።»

በረጅሙ ተነፈሰ። «ከኋላ ነው የምይዘው። ከፊት አላልኩም።»

ለቅሶተኛው ከተመለሰ በኋላ ሣጥኑን አነሣን። አንሶላው እንዳለ ነው። ወንድም ጥላሁን በየደረጃው «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» እያለ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ለጥጦ ወረደ። አንዴም ግን አላንገጫገጫትም፤ ዓመታት ሙሉ አሮጊቶች ተሳፍረው ሳለ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። መኝታ ቤቴ ውስጥ፣ በለካሁት ቦታ አስቀመጥናት። አምፖሉን ሰካሁ። ቴርሞሜትሩ ቀስ እያለ መውጣት ሲጀምር ቆሜ አየሁት።

ወንድም ጥላሁን አልሄደም። ክፍሉ መሀል ቆሞ ሁለት እጆቹን ብብቱ ሥር ከተተ። ያን ማን እንዳስተማረው አልጠየቅኩትም። ከዚያ ተጠጋና በሁለት ጣቱ የአንሶላውን ጫፍ ገለጥ አደረገ። ቢዮርግ ከግንዱ ሥር ነበረች፤ ራሷን ቀና አላደረገችም።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት በፍጥነት፣ እጁን እንዳቃጠለው ሰው። አንሶላውን ግን አልለቀቀም። ትንሽ ቆይቶ «ምንድን ነው የምትበላው?» አለኝ።

«አይጥ። አሁን ግን አትበላም። ምናልባት ለሳምንታት።»

«ለምን?»

ቤት ስለቀየረች ልለው ነበር። የሙቀቱ፣ የሽታው፣ የንዝረቱ መለዋወጥ፤ ሁሉም በተራው አፌ ላይ ነበር። ወንድም ጥላሁን ግን አልጠበቀኝም። መስታወቱን በሩቁ እያየ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «አዝና ነዋ» አለ።

ላርመው አፌን ከፈትኩ።

«አዎ» አልኩት። «እስክትበላ እንጠብቃታለን።»